በሩን ማን አንኳኳ?

የካቲት 7 ቀን 2007፣ ቅዳሜ

ተገኘ! «ባለ ሰባት በሩ ግቢ» ተገኘ! ሙሉው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው!

ለማን ነው የምጮኸው? ደብተር ላይ ይጮኻል እንዴ? ቤት ውስጥማ ጮኼ ጨርሻለሁ። ልጄ ጸደንያ ናት ከአዲስ አበባ የደወለችው። የዩኒፎርም ኮሌታ እየሰፋሁ ነበር፣ ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል ይዤ። «እማ፣ ያ ሁልጊዜ የምታወሪው የልጅነትሽ ድራማ ስሙ ማን ነበር?» ስትለኝ መርፌው ጣቴን ሊወጋኝ ትንሽ ቀረው። አብራት የምትሠራ ልጅ አባት ያኔ ከቴሌቪዥን በካሴት ይቀዳ ነበር አሉ። አሁን ልጆቹ ካሴቱን ሁሉ ወደ ፍላሽ አስገለበጡት። ሠላሳ ስምንት ክፍል።

ሠላሳ ስምንት ብቻ? እኔ መቶ የሚያልፍ ይመስለኝ ነበር። ልጅ ሆነው ያዩት ነገር ሁሉ ብዙ ነው መቼም…

ባለቤቴ ኒቆዲሞስ ከግብርና ቢሮ ሲመጣ በር ላይ ጠብቄ ነገርኩት። «በአነጋገርሽ የሞተ ሰው የተነሣ መስሎኝ ነበር» ብሎ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። ይሄ ሰው ደስታ አይጋባበትም።

አብሮ አደጌ ዓሊማ ጋ ነገ ልሂድ? ለምን ነገ? አሁን።

ሄድኩ፣ ተመለስኩ። ከደጅ ነው የጮኽኩላት። «በአላህ በይ!» አለች። «ማርያምን!» አልኩ። እጄን ይዛ እንደ ልጅ ዘለለች። የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት፣ የአርባ አንድ ዓመት ሴት! ከዚያ ቆም አለችና ምን አለች… «ሸዋ፣ እኔ እኮ አንዲት ቀን እንኳ በዓይኔ አላየሁትም። ሁሉንም በአንቺ አፍ ነው የማውቀው።»

እሱ ነው እንግዲህ። በእኔ አፍ።


የካቲት 8፣ እሑድ

እንቅልፍ በደንብ አልወሰደኝም። ደስታ ብቻ አይደለም።

ልጻፈው። ይቺን ደብተር ከእኔ በቀር የሚያነባት የለም።

ያኔ መካነ ሰላም ውስጥ ቴሌቪዥን የነበረው የቀበሌው አዳራሽ ነው፣ በብረት ሳጥን ተቆልፎ። ቁልፉ የአዳራሹ ዘበኛ ጋሽ አበጋዝ አንገት ላይ ነበር። በየአሥራ አምስት ቀኑ እሑድ ጄኔሬተሩ ይነሣና እኛ ልጆች ፊት ለፊት መሬት ላይ እንኮለኮላለን። የዓሊማ አባት ሼህ ጀላል ቁርዓን አስተማሪ ናቸው፤ ሴት ልጅ ጨለማ አዳራሽ ከወንድ ጋር ተጋፍታ አትቀመጥም አሉ። በቃ። ስለዚህ ሰኞ ጧት ቦኖ ውሃ ስንቀዳ እኔ እነግራታለሁ። እሷ ቀድማ ሄዳ ወረፋ ትይዝልኛለች፣ እኔ ደግሞ አወራለሁ። ሁለት ዓመት ሊሞላ ምን ቀረው። ወረፋ ላይ ያሉት ሴቶች ሁሉ ይሰሙኝ ነበር። «ያቺ ወሬኛ መጣች?» ይሉ ነበር… ውሃው ቢቆም እንኳ አይሄዱም።

የመጨረሻው ክፍል ቀን። 1981፣ ሚያዝያ። የድራማው ባለታሪክ ትርንጎ እጮኛዋን ታፈሰን ሦስት ዓመት ጠብቃለች። ሰባት በር ካለው ግቢ አንዷን ክፍል ተከራይታ። የማታ ትምህርት መመዝገቢያ ወረቀቷ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ምዝገባው የሚያበቃው ያን ዕለት። ልትሄድ ስትነሣ በሩ ተንኳኳ። ኳ ኳ ኳ።

እኔ ደግሞ ዝም አልልም! ጎኔ ላለችው ልጅ «አሁን የሚያንኳኳው እኮ…» ስል ጋሽ አበጋዝ ጆሮዬን ያዘኝ። «አንቺ ለፍላፊ! ሦስቴ አስጠነቀቅኩሽ!» ጎትቶ አስወጣኝ። በሩን ዘጋው። ከውስጥ ሰው ሲያጨበጭብ ሰማሁ።

ማን እንዳንኳኳ አላየሁም።

በነጋው ቦኖ ላይ ዓሊማ አፌን አፌን ታያለች። ሼህ ጀላል ወደ ወግዲ ሊዛወሩ ዕቃቸው ተጭኗል፣ ማግስቱን መሄዳቸው ነው። «ማን ነበር? በሩን ማን አንኳኳ?» ጀሪካኗ ሞልቶ ይፈሳል፣ አታነሣውም። ተባረርኩ ልበላት? እኔ? ነጋሪዋ?

«ጎረቤቷ ናት» አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። «ምዝገባው ሊዘጋ ነው ልትላት። ትርንጎ ነጠላዋን አነሣች፣ በሩን ቆለፈችና ሄደች። ታፈሰን መጠበቅ ተወች።»

ዓሊማ ጀሪካኗን አነሣች። ከዚያ «ቁልፉንስ ለማን ሰጠችው?»

«ይዛው ሄደች።»

ትክክለኛውን መጨረሻ ማንንም አልጠየቅኩም። ምን ብዬ? አንቺ አላየሽም እንዴ ይሉኛላ። ቆይቶ ደግሞ የራሴን ለመድኩት።

ይሄ የልጅ ውሸት ነው፣ ይረሳል። ያልተረሳው ቀጥሎ ያለው ነው። ዓሊማ ወግዲ እያለች ለኢማድ ታጨች። እሱ ጅዳ ሄደ። ሦስት ዓመት ጠበቀችው፣ ደብዳቤም የለም። በ86 መስከረም አንድ ቀን ደጃችን ላይ ቆማ አገኘኋት፣ ጥቅልል ይዛ። «እንደ ትርንጎ በሩን ቆልፌ መጣሁ» አለችኝ። ዘጠነኛ ተመዘገበች። አራት ወር ሳይሞላ ኢማድ ተመለሰ። ወግዲ ሄዶ በራቸውን አንኳኳ። እሷ የለችም። አዝኖ ደጎሎ ወርዶ ሌላ አገባ።

ያኔ ልነግራት ይገባ ነበር። አልነገርኳትም።


የካቲት 12፣ ሐሙስ

ፍላሹ መጣ። የሰፈራችን ሰው ጋሽ ወልደሩፋኤል ለዓይናቸው ሕክምና አዲስ አበባ ከርመው ሲመለሱ ጸደንያ በእሳቸው ላከችው። በመሐረብ አራት ጊዜ አጥፈው፣ ከውስጥ ኪሳቸው አወጡት። «እንዳይበርደው ብዬ ነው» አሉ። ቀልዳቸውን ይሁን እውነታቸውን አላወቅኩም።

የአውራ ጣቴን ጥፍር አያክልም። ልጅነቴ እዚህ ውስጥ ገባ?


የካቲት 15፣ እሑድ

አራት ክፍል አየን! ዓሊማ ስምንት ሰዓት ላይ መጣች፣ የሽምብራ ቆሎ በሳህን ይዛ፣ ጾም መያዛችንን አስባ። ኒቆዲሞስ ፍላሹን ዲቪዲው ላይ ሰካልን።

መጀመሪያ የደነገጥኩት በቀለሙ ነው። በቀለም ነው እኮ! የአዳራሹ ቴሌቪዥን ነጭና ጥቁር ስለነበር ሁሉ ነገር ግራጫ ነበር። የትርንጎ ቀሚስ ቢጫ ነው።

«ቀይ ነው አላልሽም?» አለች ዓሊማ።

«ቀይ መስሎኝ…»

«ነጭና ጥቁር ላይ ቀይ እንዴት መሰለሽ? እኔ በመጀመሪያ ደሞዜ ቀይ ቀሚስ ያሰፋሁት በማን ሆነና? ያውም በአንቺ የስፌት መኪና!»

ኒቆዲሞስ ከጥግ ሳቀ። ይሄ ሰው ሲያስፈልግ አይስቅም።

ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። በር በተዘጋ ቁጥር ሥዕል የተሣለበት ጨርቅ መሆኑ ያስታውቃል። ያኔ አላየነውም? ወይስ አይተን ግድ አልሰጠንም?

ከዚያ ሦስተኛው ክፍል ላይ ዓሊማ፣ «በቅሎዋ የታለች?»

«የምን በቅሎ?»

«የአከራይዋ በቅሎ! የእትዬ የወይንእሸት! ስትናደድ ገብስ የምትከለክላት!»

እኔም እኮ እየጠበቅኳት ነበር። ከአሁን አሁን ትወጣለች እያልኩ። አራቱንም ክፍል አየን፣ በቅሎ የለችም። ግቢው ለበቅሎ ቦታም የለው። ለዓሊማ ያወራሁላት የወርቅ ጥርስም የላትም ሴትዮዋ። ክፉም አይደለች፤ እንዲያውም የዋህ ቢጤ ናት፣ ኪራይ መጠየቅ የምታፍር።

በቅሎዋን የጨመርኩት እኔ ነኝ ማለት ነው። መቼ? ለምን? አላስታውስም። ዓይኗ ግን አሁንም ፊቴ ድቅን ይላል፣ ወላሂ።

«ሸዋረግ» አለችኝ ስትወጣ፣ ሙሉ ስሜን ጠርታ፣ «ሌላስ ምን የጨመርሽው አለ?»

ሳቅን። እኔ ከእሷ ቀድሜ አቆምኩ።


የካቲት 29፣ እሑድ

መብራት ጠፋ፣ ሁለት ብቻ አየን። የቀረውን ዓሊማ «ንገሪኝ በቃ፣ እንደ ድሮው» አለች። ነገርኳት። ቀስ ብዬ፣ ምንም ሳልጨምር።

«ቀዘቀዘብሽ» አለችኝ።


መጋቢት 6፣ እሑድ

አሥራ ስድስት ደረስን። ዛሬ ጎረቤታችን እትዬ ድንቅነሽም መጣች፣ በሩ ክፍት ሲሆን ድምፁን ሰምታ። ትርንጎን ላግባሽ የሚላት ሽማግሌ እስከ ገበያ ሲከተላት ድንቅነሽ ቴሌቪዥኑን ተቆጣችው። «ሂድ ወደዚያ፣ አያ! ጥርስ እንኳ የለህም!»

ዓሊማ በየመሃሉ በቅሎዋን ትጠይቃለች። «ዛሬስ ገበያ ወረደች?» ቀልድ ሆናለች በቅሎዋ። ደስ ይላል። በጣም ደስ ይላል ልበል… ሰው አርባ ዓመት ሲሞላው ጓደኛው አጠገብ ቁጭ ብሎ እንዲህ መሳቅ ማን ይሰጠዋል?

ሃያ ሁለት ክፍል ቀረ።


መጋቢት 16፣ ረቡዕ

አላስችል አለኝ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ የልብስ ስፌት ሱቄን ዘጋሁና ቤት ገብቼ ሠላሳ ስምንተኛውን ብቻዬን ከፈትኩት።

በሃያ ስድስት ዓመቴ… አይ፣ ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ ማለቴ ነው።

ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ነው። ተነሣች። ኳ ኳ ኳ። የጋሽ አበጋዝ ጣት ጆሮዬ ላይ ተሰማኝ።

በሩ ተከፈተ። ታፈሰ። ሻንጣ ይዞ። «መጣሁ» አለ። እሷ የመመዝገቢያ ወረቀቷን አነሣችና ምድጃው ውስጥ ከተተችው። ፈገግ እያለች። ሙዚቃ። አለቀ።

በቃ? ለዚህ ነው ያጨበጨቡት?

ተናደድኩ። ቀጥሎ ፈራሁ። በእውነተኛው ትርንጎ አልሄደችም። ጠበቀች፣ መጣላት። ዓሊማም ጠብቃ ቢሆን… አራት ወር እኮ ነው። አራት ወር! መምጣቱ አይቀርም ነበር። እኔ ነኝ በሌለች ትርንጎ ያስነሣኋት።


መጋቢት 20፣ እሑድ

ለኒቆዲሞስ ነገርኩት። ሁሉንም። ወሬዬን ሳያቋርጥ ሰማኝ፣ እንደ ልማዱ።

«ንገሪያት» አለ።

«ብትቀየመኝስ?»

«ትቀየምሽ።»

«አንተ ላይ ቀላል ነው!»

«እኔ ላይ አይደለም፣ ለዚህ ነው ቀላል የሆነልኝ» አለ። ከዚህ ሰው ጋር መከራከር ከግድግዳ ጋር ነው… ግን ግድግዳ እውነት ሲናገር ያናድዳል።


ሚያዝያ 5፣ ሰኞ

ፋሲካ ትናንት በደኅና ዋለ። ዓሊማ ከባለቤቷ ሙጀሂድና ከልጃቸው ሩፋይዳ ጋር እንኳን አደረሳችሁ ሊሉን መጡ። እንደ ወትሮው ለእነሱ በነሱ ሰው የታረደ አዘጋጅቼ ነበር። ሙጀሂድ ስንዴው ዘንድሮ ዝናብ እንደሸሸው ከኒቆዲሞስ ጋር አወሩ። ሩፋይዳ ወሎ ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ናት። ስትቀመጥ፣ ስትስቅ አየኋት። ይቺ ልጅ እኮ ዓሊማ ጠብቃ ቢሆን አትኖርም ነበር። ሌላ ልጅ ትኖር ነበር… ምን ዓይነት ሂሳብ ነው ይሄ? ማን ይሠራዋል?

አልነገርኳትም። በበዓል ይነገራል?


ሚያዝያ 25፣ እሑድ

ሠላሳ ሰባተኛውን ጨረስን። ዓሊማ ከሶፋው ወደ ምንጣፉ ወረደች፣ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋች። «በይ ክፈቺው። አሁን ጎረቤቷ መጥታ ስታንኳኳ ላያት ነው። ነጠላዋን ስታነሣ። ቁልፉን ይዛ ስትሄድ።»

ሪሞቱን ያዝኩ። አየችኝ።

«አልከፍት ይላል» አልኩ።

«እንዴት?»

«ተበላሽቷል። ይሄኛው ብቻ።»

ውሸት ላይ ውሸት። በአርባ ዓመቴ። ምንጣፉ ላይ ቁጭ እንዳለች ሳህኗን ሰብስባ፣ «አብሽሪ ሸዋዬ፣ መቼም አውቀዋለሁ» አለችኝ። ታጽናናኛለች! እኔን!

ኒቆዲሞስ ቀና ብሎ አላየኝም። ራቱን በልቶ ተነሣ።


ሚያዝያ 29፣ ሐሙስ

ዓሊማ ሱቅ ድረስ መጣች፣ በዕረፍት ሰዓቷ፣ ትንፋሽ አጥሯት። የምሥራች አላት። ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ካሉት አርባ ሦስት ሴት ልጆች አንዷም አላቋረጠችም። አንዷም! አምና ዘጠኝ ናቸው የሄዱት፣ ግማሾቹ ለጋብቻ፣ ግማሾቹ ለዓረብ አገር። ዘንድሮ ቤት ለቤት እየዞረች፣ አባቶችን እየለመነች…

«ምን እንደምነግራቸው ታውቂያለሽ? የትርንጎን ነው የምነግራቸው። በየዓመቱ። በሩን ቆልፋ መሄዷን። ሴቶቹ ልጆች ቁልፉን እንደያዘች ሁሉ ያውቃሉ።»

እኔ እጅጌ እየገጠምኩ ነበር። አልቀጠልኩም።

«ስለዚህ» አለች፣ «የልጃገረዶች ክበቡ በዓል ያዘጋጃል። ያንን የመጨረሻ ክፍል በዓይናቸው እንዲያዩት እፈልጋለሁ። ፍላሹን ስጪኝ፣ ደሴ ኮምፒዩተር የሚጠግን ዘመድ አለኝ። እሱ ያነሣዋል።»

«እሺ» አልኩ። «ቅዳሜ ነይና ውሰጂው።»


ግንቦት 1፣ ቅዳሜ

ነገርኳት።

ሻይ ቀድቼላት ነበር። ፍላሹ ጠረጴዛው ላይ ነው። «ዓሊማ፣ ፍላሹ ደኅና ነው» አልኩ።

«አልሃምዱሊላህ!»

«ቆይ፣ አልሃምዱሊላህ አትበይ።» በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩት፤ ጋሽ አበጋዝን፣ ጆሮዬን፣ ቦኖውን።

መጀመሪያ ሳቀች። «አንቺ? ተባረርሽ? በወሬ!» ከዚያ ሳቁ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ። «ታዲያ ማን ነበር?»

«ታፈሰ።»

«ትርንጎስ?»

«ወረቀቷን ምድጃ ውስጥ ከተተችው።»

የሻይ ብርጭቆውን ጆሮ ያዘች፣ አላነሣችውም። ሒጃቧን አስተካከለች፣ ሳያስፈልገው።

«ኢማድም አንኳኩቶ ነበር እኮ» አለች። ቀስ ብላ፤ እየወቀሰችኝ ሳይሆን እንደምታስታውስ። ተነሣች። ደጃፉ ላይ ስትደርስ፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «በ86 ደጃችሁ ላይ ስቆም ታውቂ ነበር?»

«ውሸት መሆኑን አውቅ ነበር።»

ሄደች። ሻዩን አልነካችውም። ፍላሹንም አልወሰደችም።


ግንቦት 4፣ ማክሰኞ

የለም።


ግንቦት 9፣ እሑድ

እሑድ ሳትመጣ ይሄ የመጀመሪያው ነው ከየካቲት ወዲህ። ድንቅነሽ ብቅ አለች። «ዛሬ የለም እንዴ?»

«አለቀ» አልኳት።

«እንዴት አለቀ?»

ያው አለቀ።


ግንቦት 16፣ እሑድ

ምርጫ ነበር። ጧት ተሰለፍን። ዓሊማ በሌላው ሰልፍ ቆማለች፣ ከመምህራኑ ጋር። አየችኝ። አንገቷን ነቅነቅ አደረገች፣ ለማንም እንደሚደረገው። ከዚያ የከፋ ስድብ አለ?

ለሃያ ስድስት ዓመት አንድ ሰኞ ቦኖ ላይ ቆሜ ነበር ማለት ነው። አሁን ነው የሄድኩት። ቀለለኝ? አልቀለለኝም። ግን ከእንግዲህ ምንም የሚደበቅ የለም፣ እሱ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ስሙን አላውቀውም።


ግንቦት 21፣ ዓርብ

መጣች!

ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ስለካ ነው የገባችው። በሩ ላይ ቆማ፣ «ያንን ክፍል አሳዪኝ» አለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ደንበኛዬን በመለኪያ ሜትሩ አስሬያት ልሄድ ነበር።

ቤት ገባን። ከፈትኩት። ዓሊማ ቀጥ ብላ ተቀምጣ አየች። ኳ ኳ ኳ። ታፈሰ ገባ። ወረቀቱ ነደደ። ሙዚቃ። እኔ ቴሌቪዥኑን አላየሁም፣ እሷን ነው ያየሁት።

ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሰች መሰለኝ፣ ተነሣሁ።

«ሻንጣውን አየሽው?» አለች። እየሳቀች ነው! «ባዶ ነው እኮ! በአንድ ጣቱ ነው የያዘው! ሦስት ዓመት ጠብቃ ባዶ ሻንጣ!»

መልሰን አየነው። እውነቷን ነው። ሻንጣው እንደ ዘንቢል ይወዛወዛል። ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ፣ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረብኝ፣ እሷም ጠበቀችኝ።

ከዚያ የምር ተናገረች። እንዳልረሳው ቃል በቃል ልጻፈው።

«ባለፈው ሳምንት ለስብሰባ ደጎሎ ወርጄ ኢማድን አየሁት። እህል ሲያስጭን። ወፍሯል። ሰላም ተባባልን፣ ስለ ልጆች ተጠያየቅን። ደኅና ሰው ነው። መኪና ውስጥ ገብቼ ጸጸቴን ፈለግኩ… ፈለግኩ፣ ፈለግኩ፣ አጣሁት።»

«ታዲያ ሦስት ሳምንት የተቆጣሽው…»

«በ86ቱ ነው የተቆጣሁት። በቦኖው አይደለም። ቦኖ ላይ ልጅ ነበርሽ። በ86 ግን ዐሥራ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር፣ ‹ዓሊማ፣ ውሸቴን ነው› ልትዪኝ ትችዪ ነበር።»

«ፈራሁ። ትመለሺብኛለሽ ብዬ።»

«አልመለስም ነበር» አለች። «መሄድ ከፈለግኩ ቆይቶ ነበር፣ ሸዋ። ሰበብ ነበር ያጣሁት። ለአባቴ ‹መማር እፈልጋለሁ› ማለት አልደፍርም። ለራሴ ግን ‹ትርንጎም ሄዳለች› ማለት ቻልኩ። ሰበብ ሰጠሽኝ። ሰበቡ እውነት ይሁን ውሸት፣ የሄደው እግሬ ነው።»

ሪሞቱን አስቀመጥኩ።

«ይቅር በይኝ» አልኩ።

«ይቅር ብያለሁ። በቅሎዋን ግን አልምርሽም።»


ግንቦት 22፣ ቅዳሜ

አዲሱ ሐሳብ የእሷ ነው። ለሴቶቹ ልጆች ሠላሳ ስምንተኛውን እናሳያለን፣ እስኪንኳኳ ድረስ። ሲንኳኳ ዓሊማ ቴሌቪዥኑን ታጠፋዋለች። ከዚያ ልጆቹ ራሳቸው ይናገራሉ፤ በሩን ማን አንኳኳ? ትርንጎ ምን ታድርግ? በመጨረሻ እኔ ተነሥቼ የቦኖውን እነግራቸዋለሁ። እንዴት እንደተባረርኩ፣ እንዴት እንደዋሸሁ፣ እውነተኛው ምን እንደሆነ። ሁሉንም።

«ሲያዩሽ ያፍሩብሽ ይሆናል» አለች።

«ይፈሩብኝ። ካወራሁ በኋላ ነው።»

ደግሞ ጋሽ አበጋዝን ጠይቀን መጣን። ሰማንያ አልፏቸዋል፣ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። «ጋሼ፣ ያቺ ያስወጧት ልጅ ነኝ» አልኳቸው።

«ብዙ ነው ያስወጣሁት። የቷ ነሽ?»

«ለፍላፊዋ።»

አፍጥጠው አዩኝ። «ሸዋረግ!» አሉ። ስሜን! ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ! «እኔ እኮ ያንን ድራማ አንድም ቀን ደኅና አድርጌ አላየሁትም። አንቺን ስጠብቅ።»

በበዓሉ እንዲመጡልን ለመንናቸው። ይመጣሉ። ግን ካወራሽ አስወጣሻለሁ ብለዋል።


ሰኔ 2፣ ማክሰኞ

ቴሌቪዥናችን ዛሬ ትምህርት ቤት ሄደ። ኒቆዲሞስና ሙጀሂድ ብርድ ልብስ ጠቅልለው በጋሪ ወሰዱት። ሙጀሂድ ታሪኩን ሁሉ ሰምቷል፤ ጋሪውን እየገፋ፣ «እትዬ ሸዋረግ፣ አላህ ይስጥሽ፣ ያቺ ውሸት ባትኖር እኔ ማንን አገባ ነበር?» አለኝ። ኒቆዲሞስ ሳቀ። ዘንድሮ ሲያስፈልግም መሳቅ ለምዷል።

ጸደንያ ዓርብ ከአዲስ አበባ ትነሣለች። ሩፋይዳ ከደሴ። ድንቅነሽ ሽማግሌውን ለመሳደብ ብቻ ትመጣለች፣ እሱ በዚያ ክፍል የለም ብላትም አልሰማችኝ።

ለዓሊማ ቀሚስ ሰፋሁላት። ቢጫ። ስታየው፣ «ቀይ ነበር የምትዪኝ» አለች። «ቢጫ ነው፣ አየሽው እኮ» አልኳት። ለበሰችው። ልክ ነው፣ አንድ ቦታ ብቻ ወገቡ ላይ ላጥብበው።

ረመዳን የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ይጠበቃል፣ ስለዚህ በዓሉ ከዚያ በፊት መሆን አለበት። ሼህ ጀላልም ዱላቸውን ተደግፈው ከወግዲ ይመጣሉ አሉ። በትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ በቀን ብርሃን ነው፣ መስኮቱ ሁሉ ይከፈታል፣ ሴቶቹ ልጆች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። እንደዚያ ከሆነ እሺ ብለዋል።

አርባ ሦስቱም ሴት ልጆች፣ እናቶቻቸው፣ አባቶቻቸው፣ ቦኖ ወረፋ ላይ ያደመጡኝ በሕይወት ያሉ ሁሉ… ማንም ቤቱ እንዳይቀር። እሑድ፣ ሰኔ 7፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት።